ከመኪና ርቆ በጋሪ መንገድ፦ በቢሾፍቱ ሐይቆች ዙሪያ ብስክሌት ለመንዳት ዝርዝር መመሪያ

ቢሾፍቱን ብዙዎቻችን የምናውቃት በሐይቅ ዳር መዝናኛዎቿ ነው። ቅዳሜ ተሂዶ እሑድ ይመለሳል፤ ዓሣ ይበላል፤ ሐይቁ ከሰገነት ላይ ሆኖ ይታያል። ከመዝናኛዎቹ አጥር ጀርባ ግን የጤፍ ማሳ፣ ጉብታና ኮረብታ፣ ከመንደር መንደር የሚያደርስ የጋሪ መንገድ አለ። በማለዳ ተነሥቼ ሁለት ሰዓት ያህል ነድቼ አንድም መኪና ሳላይ የተመለስኩባቸው ቀኖች ጥቂት አይደሉም። አዲስ አበባ ውስጥ በታክሲና በአውቶቡስ መካከል እየተሹለከለከ ብስክሌት የነዳ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

መመሪያው ብስክሌት መንዳት ለሚችል፣ ነገር ግን ከአስፋልት ወጥቶ ለማያውቅ ሰው ነው። ጀማሪዎች አስቀድመው የሚጠይቁኝ ስለ ብስክሌቱ ዓይነት ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ቀዳሚው እሱ አይደለም። ቢሾፍቱ ባለችበት በአድኣ ምድር መንገዱን መንገድ የሚያደርገው አፈሩ ነው፤ አፈሩን ደግሞ ወሩ ይለውጠዋል። በጥር እንደ ሲሚንቶ የጠነከረው ጎዳና በነሐሴ ከብት የሚያሰጥም ጭቃ ነው። ስለዚህ ከወሩ እንጀምር።

መጀመሪያ ወሩን፣ ቀጥሎ አፈሩን

ሜዳው በአብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው። ስሙ የገነነው የአድኣ ነጭ ጤፍ የሚበቅለው በዚሁ አፈር ላይ ነው። ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ለጤፉ በረከት የሆነው ይህ ጠባዩ ለብስክሌተኛ ፈተና ነው።

አንድ ዓመት መስከረም አጋማሽ ላይ፣ ሌሊቱን ዝናብ እንዳልጣለ ብቻ አይቼ ወጣሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ የመንገዱም ገጽ የደረቀ ይመስል ነበር። ሁለት መቶ ሜትር ሳልሄድ ጭቃው በጎማውና ጎማውን በያዘው ሹካ መካከል ገብቶ ተጠቀጠቀ። ጎማው መዞር አቆመ። ወርጄ ብገፋው እንደ በረዶ ይንሸራተታል እንጂ አይሽከረከርም። በጣቴ እየቧጨርኩ ሳለሁ ከማዶ ያዩኝ አንድ አዛውንት ገበሬ ቀረብ አሉ፤ የበትራቸውን ሹል ጫፍ በሹካው መሐል አስገብተው ጭቃውን እንደ ጡብ ቆርሰው ጣሉት። ከዚያ ያንኑ በትር ወደ ማሳው ዳር፣ ወደ ሣሩ ዘረጉልኝ። በዚያ ሂድ ማለታቸው ነበር። ብስክሌቱን ተሸክሜ በሣሩ ላይ እስከ ዋናው መንገድ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ስንዝር የሚሆን ጠንካራ እንጨት ከቦርሳዬ አይለይም።

አሁን ከመንዳቴ በፊት የማደርገው ፈተና ቀላል ነው። አስፋልቱ ወይም ኮብልስቶኑ የሚያልቅበት ቦታ ላይ እወርድና በአፈሩ ላይ አሥር እርምጃ እራመዳለሁ። ከዚያ የጫማዬን ሶል አያለሁ። ንጹሕ ከሆነ እሄዳለሁ። ስስ ጭቃ ከያዘ ሜዳውን ትቼ ወደ ኮረብታው አመራለሁ። ሶሉ በጭቃ ወፍሮ ከተነሣ ግን የዚያ ቀን ጉዞ በከተማው ዙሪያ ይሆናል። ከከባድ ዝናብ በኋላ ዋልካው ቢያንስ ሁለት ሙሉ የፀሐይ ቀን ያስፈልገዋል።

በወር ስናየው፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ሜዳውን ለገበሬው ተዉለት። ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ መንገዱ ይጠነክራል። ከሁሉ የምመርጣቸው ኅዳርና ታኅሣሥ ናቸው፤ ጤፉ ወርቅ ይመስላል፣ ጠዋቱ ይቀዘቅዛል፣ አቧራውም ገና አልተነሣም። ጥርና የካቲት ደረቅ ናቸው፤ ነገር ግን ዋልካው ይሰነጠቅና ስንጥቁ ጎማ የሚውጥ ይሆናል። ስንጥቅ ከመንገዱ ጋር ትይዩ ከሄደ በላዩ አትንዱ፤ ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡት። በመጋቢትና በሚያዝያ የበልግ ዝናብ ድንገት ስለሚጥል የሶሉ ፈተና አይቅርባችሁ።

ሐይቆቹ ያሉበት ከፍታ ግን ከሜዳው የተለየ ነው። የቢሾፍቱ ሐይቆች ቅልጥ ዓለት ከከርሠ ምድር ውኃ ጋር ተገናኝቶ በፈነዳባቸው ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ ናቸው። ፍንዳታው የረጨው አመድና ጠጠር በየጉድጓዱ አፋፍ ተከምሮ ቀረ። ይህ አፈር ውኃ ስለማይቋጥር ከዝናብ በኋላ ቶሎ ይደርቃል፤ ሜዳው ሲዘጋ አፋፉ ክፍት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በአካባቢው ኮረብታዎች ላይ ያለው ቀይ አሽ የሚባለው የእሳተ ገሞራ ጠጠርም እንዲሁ ውኃ ያሳልፋል። ነገር ግን ልቅ ስለሆነ ጎማ ያንሸራትታል፤ በመታጠፊያ ላይ ፍሬን እንዳትይዙበት።

ብስክሌቱ

ግራቭል የሚባለው ብስክሌት የውድድር ብስክሌት የሚመስል፣ እንደ ቀንድ የተጠማዘዘ መሪ ያለው፣ ሰፊ ጎማ የሚቀበል ነው። ካላችሁ መልካም ነው። ከሌላችሁ ያገለገለ ማውንቴን ብስክሌት ከበቂ በላይ ነው፤ እንዲያውም በዋልካው ስንጥቅ ላይ ሰፊው ጎማው ያረጋጋል። ሦስት ነገር ብቻ ተመልከቱ።

የመጀመሪያው የጎማው ስፋት ነው፤ ከ40 ሚሊ ሜትር ባያንስ ይመረጣል። ሁለተኛው ማርሹ ነው። ከፊት ያለው የትንሹ ጥርሳም ክብ የጥርስ ቁጥር፣ ከኋላ ካለው ከትልቁ ቁጥር መብለጥ የለበትም። ለምሳሌ ከፊት 32፣ ከኋላ 34 ከሆነ አፋፉን ተቀምጣችሁ ትወጡታላችሁ። ሦስተኛው ፍሬን ነው፤ ሁለቱም እጀታዎች ሲጨበጡ መሪውን ከመንካታቸው በፊት ጎማው መቆም አለበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአየሩ መጠን ነው። ጎማው እንደ ድንጋይ እስኪጠነክር ይነፋና በኮረኮንቹ ላይ እጁና ወገቡ ይዝላል። ክብደቱ 70 ኪሎ የሚሆን ሰው 45 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ጎማ ላይ 2.5 ባር ገደማ ይበቃዋል። የማውንቴን ብስክሌት ጎማ ደግሞ ወደ 2 ባር ዝቅ ሊል ይችላል። መለኪያ ከሌላችሁ በአውራ ጣታችሁ ጠንከር አድርጋችሁ ጫኑት፤ ትንሽ መግባት አለበት። ከዚህ በታች ከቀነሳችሁ ግን ከመነዳሪው፣ ማለትም አየር የሚይዘው የውስጡ ጎማ፣ በድንጋይና በቸርኬው የብረት ጠርዝ መካከል ተቆንጦ ይበሳል።

የከመነዳሪው አፍም ዋጋ አለው። እንደ መኪና ጎማ ሰፊ አፍ ያለውን ምረጡ። ፖምፓችሁ ቢበላሽ ማንኛውም ጎሚስታ ይነፋላችኋል፤ ቀጭኑን አፍ ግን ብዙዎቹ የሚነፉበት የላቸውም። ሲነፉላችሁ ጥቂት በጥቂት እንዲያደርጉት ንገሯቸው፤ የመኪና መንፊያ የብስክሌትን ከመነዳሪ በቅጽበት ያፈነዳል።

መንገድ ማውጣት

ሐይቆቹን በአእምሯችሁ አስቀምጡ። ከሰሜን ስትጀምሩ ባቦጋያና ኩሪፍቱ፣ ከዚያ ሆራ፣ ቀጥሎ በከተማው ደቡብ በኩል ቢሾፍቱ ሐይቅ፣ ከከተማው ወጥቶ በስተደቡብ አረንጓዴ ሐይቅ፣ በስተምሥራቅ ደግሞ ኪሎሌ ይገኛሉ። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ትንፋሹ ይቀልለዋል፣ ፀሐዩ ግን ይበረታበታል።

ሐይቅን ዙሪያውን መዞር ያስመኛል። ባቦጋያንና ኩሪፍቱን ግን ውኃውን እያያችሁ አትዞሯቸውም፤ ዳርቻው በሆቴልና በግል አጥር የተያዘ ነው። ቢሾፍቱ ሐይቅ በገደል የተከበበና እስከ 87 ሜትር የሚጠልቅ ስለሆነ ከአፋፉ ቆሞ ማየት ይሻላል። ለብስክሌት የሚሆነው ከከተማው ውጭ ያለው ነው።

መኪና የማይበዛበትን መንገድ ከሳተላይት ምስል መለየት ትችላላችሁ። ሁለት የጎማ መስመር ኖሮት መሐሉ ሣር ያበቀለ መንገድ የጋሪ ነው። ሐይቅ ወይም መንደር ጋ ደርሶ የሚያልቅ መንገድም አላፊ መኪና የለውም። ሰፊ፣ ነጣ ያለና ሣር የሌለው ከሆነ፣ በተለይም ወደተቆፈረ ኮረብታ የሚወስድ ከሆነ፣ ቀይ አሽ የሚያመላልሱ ገልባጭ መኪናዎች መንገድ ነውና ተዉት። ምስሉ ያረጀ ሊሆን እንደሚችልም አስቡ፤ በቢሾፍቱ አቅራቢያ በአቡሴራ ከተያዘው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ጋር በተያያዘ በዚያ አቅጣጫ የተለመዱ መንገዶች ሊዘጉ ወይም ከባድ ተሽከርካሪ ሊበዛባቸው ይችላል። ካርታውን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ ጫኑት።

ለመጀመሪያ ቀን አረንጓዴ ሐይቅን እመክራለሁ። ከከተማው ያለው ርቀት ከ10 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ በዝቋላ አቅጣጫ ይኬድና ከዋናው ጎዳና ላይ ወደ ጋሪ መንገዶቹ ይታጠፋል። ዝቋላ ራሱ ከፊታችሁ ቆሞ አቅጣጫ ስለሚጠቁማችሁ መጥፋት ከባድ ነው። መንገዱ ቀስ እያለ ወደ አፋፉ ይወጣል። ሐይቁ እስከ መጨረሻዋ እርምጃ ድረስ አይታይም፤ አፋፉን ስትረግጡ ግን ጉድጓዱ ከእግራችሁ ሥር ይከፈታል። ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው በውስጡ የሚራባ በዓይን የማይታይ ደቂቅ ፍጥረት ነው፤ ስፒሩሊና በሚል ስም የሚታወቀው። አንዳንድ ጊዜ ፍላሚንጎዎች በዳርቻው ተሰልፈው ይገኛሉ። ብስክሌቱን አፋፉ ላይ ትታችሁ፣ አንድ ሰው እየጠበቀ፣ በእግራችሁ ውረዱ። ቁልቁለቱ ለጎማ አይሆንም፤ መልሶ ተሸክሞ መውጣቱም ጉልበት ይጨርሳል።

ሁለተኛው ጉዞ ወደ ኪሎሌ ነው። ራቅ ያለና ሰው የማይበዛበት ነው። ቀድሞ እንደ አረንጓዴ ሐይቅ ጨዋማ ነበር፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሞጆ ወንዝ ውኃ ወደ ውስጡ ከተለቀቀ በኋላ ጠባዩ ተለወጠ። ሁለቱን ሐይቆች በሳምንት ልዩነት ያየ ሰው በቀለማቸው ብቻ ይህን ታሪክ ያነበዋል።

2,989 ሜትር ከፍታ ያለው ዝቋላ ደግሞ ገና ለጀማሪ አይሆንም። ከሜዳው ከ1,000 ሜትር በላይ መውጣት አለበት። ከላይ ያለው ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም የጸሎት ቦታ ስለሆኑ እንደ ስፖርት ሜዳ መታየት የለባቸውም። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ምእመናን ይጎርፋሉና በእነዚያ ቀኖች መንገዱ ጸጥ ያለ አይሆንም። ወደ የትኛውም አቅጣጫ ከመውጣታችሁ በፊት የአካባቢውን ጸጥታ ከነዋሪዎች ጠይቁ፤ ለዝቋላ አቅጣጫ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ከመስቀል በኋላ ባለ እሑድ ሆራ ላይ የኢሬቻ በዓል ስለሚከበር በዚያ ሰሞን ብስክሌታችሁን ይዛችሁ አትሂዱ። ቢሾፍቱ የአየር ኃይል መቀመጫም ናት፤ በጦር ሰፈር አጥር አቅራቢያ ፎቶግራፍ አይነሣም፣ ድሮን አይታሰብም።

ብስክሌቱን ከአዲስ አበባ ማድረስ

የፍጥነት መንገዱ ለብስክሌት ክልክል ነው፤ አሮጌው የአዳማ መንገድ ደግሞ በጭነት መኪና የተጨናነቀ ነው። ሁለቱንም ተዉና ከቃሊቲ መናኸሪያ በሚኒባስ ሂዱ። ብስክሌቱ ፖርቶ መጋላው ላይ ይጫናል፤ ሒሳቡን ከመጫኑ በፊት ተስማሙ። የማርሹ ወገን ወደ ላይ ይሁን፣ ፔዳሎቹን ፍቱ፣ ከብረቱ ጋር የሚነካካበትን ቦታ በካርቶን ጠቅልሉ። ገመዱን ራሳችሁ እሠሩ።

በጉዞው ቀን

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጎማችሁ እየዞረ ይሁን። እስከ 4 ሰዓት ተኩል ስትመለሱ ፀሐዩም ነፋሱም ገና አልበረቱም። ለአንድ ሰው 3 ሊትር ውኃ ያዙ፤ የሐይቆቹ ውኃ አይጠጣም። ስለ ምግብ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ቆሎ፣ ሙዝና በጨው የተበጠበጠ በሶ አራት ሰዓት ያስነዳል። ጭኮ ካላችሁ ከሁሉ ይበልጣል፤ አውራ ጣት የምታህል ቁራሽ አንድ ዳገት ታወጣለች።

ዳገት ላይ ማርሹን ከመድረሳችሁ በፊት ቀይሩ። ካቴናው ከተወጠረ በኋላ ለመቀየር ስትታገሉ ወይ ይወልቃል ወይ ይበጠሳል። ከመቀመጫው አትነሡ፤ ስትነሡ ክብደታችሁ ከኋላ ጎማ ላይ ይነሣና ጎማው በጠጠሩ ላይ ይፈተላል። ደረታችሁን ወደ መሪው ዝቅ አድርጉ፣ እየተነጋገራችሁ መውጣት በምትችሉበት ልክ ሂዱ።

ቁልቁለት ላይ ፔዳሎቹን በእኩል ከፍታ አድርጋችሁ ተነሡ፣ ወገባችሁን ወደ ኋላ ውሰዱ፣ ክንዳችሁን አላሉ። ሁለቱንም ፍሬኖች አስቀድማችሁ፣ መንገዱ ቀጥ ባለበት ያዙ፤ ስትታጠፉ ልቀቁ። ዓይናችሁን ከምትፈሩት ድንጋይ ላይ አንሥታችሁ ማለፍ በምትፈልጉበት ክፍት ቦታ ላይ አኑሩ፤ ጎማው ዓይንን ይከተላል። የጋሪ ጎማ የቆፈረው ቦይ ውስጥ ከገባችሁ በኃይል ለመውጣት አትሞክሩ። ቦዩ እስኪሳሳ ድረስ በውስጡ ሂዱ።

መንገዱ የሰዎቹ ነው

መንገዱን የሠሩት ጋሪው፣ አህያውና የገበሬው እግር ናቸው፤ እኛ እንግዶች ነን። ከከተማው ወጣ ሲባል በብዛት የሚሰማው ኦሮምኛ ነው። ለታላቅ ሰው «አካም ጅርቱ» ብላችሁ ሰላምታ ስጡ፣ መንገድ ሲያሳዩአችሁ «ገለቶማ» በሉ። ሰላምታ ያልሰጠ እንግዳ በጥርጣሬ ይታያል፤ ሰላምታ የሰጠ መንገድ ይጠቆማል፣ ውኃም ይቀርብለታል።

ከጋሪ ኋላ ስትደርሱ ከሩቅ ድምፅ አሰሙ። ፈረስ በድንገት ከኋላው የሚመጣ ነገር ያስደነግጠዋል። የተጫነ አህያና መንጋ ሲመጣ ወርዳችሁ ዳር ቁሙ። በመከር ወቅት መንገድ ዳር ውድማ ታገኛላችሁ፤ ገለባው መንገዱን ቢሞላውም በላዩ አትንዱ፣ የሰው የዓመት ልፋት ነው። በማሳ ወሰን ላይ ያለች ቀጭን መንገድ ላይም ወርዶ መግፋት ይገባል፤ ከወሰኗ የወጣ ጎማ ያደቀቀው ጤፍ አይነሣም።

ውሻ ሲያባርራችሁ ለማምለጥ አትፍጠኑ። ቁሙ፣ ውረዱ፣ ብስክሌቱን በእናንተና በውሻው መካከል አድርጉ፣ ባለቤቱን ተጣሩ፣ በቀስታ እየተራመዳችሁ እለፉ። ከነከሳችሁ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስስ ውኃ እጠቡ፣ ያን ዕለት ወደ ጤና ተቋም ሄዳችሁ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጀምሩ። ይህ ለነገ አይባልም።

ጎማ ሲበሳ

ይበሳል። በግራር ሥር የወደቀ እሾህና በመንገድ ዳር የሚያድር ኩርንችት ለዚህ የተፈጠሩ ናቸው። ትርፍ ከመነዳሪ፣ ፖምፓ፣ ሁለት የጎማ ማውጫና ትንሽ ፒንሳ ይዛችሁ ውጡ። ማስቲሽና ልጣፉን ለቤት ተዉት፤ በአቧራ መሐል የተለጠፈ ብዙ አይቆይም።

የተበሳው የኋላው ከሆነ ካቴናውን ከኋላ ወዳለው ትንሹ ጥርስ አሳልፉና ጎማውን ከነቸርኬው አውጡ። የቀረውን አየር አስወጡ፣ ጎማውን በአንድ ወገን ብቻ ከቸርኬው አላቅቁ፣ ከመነዳሪውን ሳቡት። ብዙዎች እዚህ ላይ ቸኩለው አዲሱን ያስገባሉ፣ ከመቶ ሜትር በኋላም ያው ይሆናል። እሾሁ ገና ጎማው ውስጥ ነው። የጎማውን ውስጥ በጣታችሁ ጫፍ በጣም በቀስታ ዙሪያውን ዳብሱ። አንዳንዱ እሾህ ከውጭ ተሰብሮ ጫፉ ብቻ ስለሚቀር በዓይን አይታይም፤ ጣት ብቻ ያገኘዋል። በፒንሳ ንቀሉት፣ ከዚያም አንድ ዙር ድገሙ፤ ሁለተኛ እሾህ ያገኘሁባቸው ጊዜያት ጥቂት አይደሉም።

አዲሱን ከመነዳሪ ቅርጽ እስኪይዝ ብቻ ነፍታችሁ አስገቡ። ጎማውን መመለስ ከአፉ ትይዩ ካለው ቦታ ጀምሩ፣ አፉ ጋ ጨርሱ፤ በአውራ ጣት እንጂ በብረት አትግፉ። ግማሽ አየር ሞልታችሁ ዙሪያውን ተመልከቱ፤ ከመነዳሪው ከጎማው ጠርዝ ሥር ብቅ ያለበት ቦታ ካለ አስተካክሉ፣ ከዚያ ሙሉት።

ስትመለሱ

አቧራውን በደረቅ ብሩሽ አራግፉ፤ ዋልካ የያዘ ከሆነ እስኪደርቅ ጠብቁና በእንጨት ቆርሳችሁ አውጡ፤ እርጥቡን ብታጥቡት ወደ መገጣጠሚያዎቹ ይገባል። ካቴናውን በጨርቅ ጠርጋችሁ ጥቂት ዘይት ጠብ ጠብ አድርጉበት፣ ትርፉን መልሳችሁ ጥረጉ። በመጨረሻ ብስክሌቱን ገልብጡና ሁለቱንም ጎማዎች በብርሃን ሥር በቀስታ አዙሩ። ገና ወደ ውስጥ ያልዘለቁ እሾሆች እንደ ነጥብ ተሰክተው ታገኛላችሁ። በፒንሳ አንድ በአንድ ንቀሏቸው፤ ለነገ ካሳደራችኋቸው የሚቀጥለው ጉዞ ገና ከበር ሳትወጡ ጎማ በመቀየር ይጀምራል።